ንብ አልነበረበትም

ጢጥ አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጢጢጥ። ፌንጣ ዓይኗን ሳትገልጥ አወቀችው፤ የመጭመቂያው ብሎን ነው። አባቷ የተሰፋ መጽሐፍ የሚያስርበት የእንጨት መጭመቂያ እጀታው በዞረ ቁጥር ያቃስታል፤ ሲከፈት በቀጭኑ፣ ሲዘጋ በወፍራሙ። ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ አዳመጠች። መጀመሪያ ቀጭኑ መጣ። ቀጥሎ የወረቀት ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ ወፍራሙ። ተዘጋ ማለት ነው። ገና ቁርስ አልበሉም፤ አባቷ ደግሞ ከቁርስ በፊት መጭመቂያውን ነክቶ አያውቅም።

መኝታቸውንና ሥራ ቤቱን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ገልጣው ስትወጣ አባቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል። ምነው ዛሬ ማለድሽ አላት። በቀጥታ ወደ መጭመቂያው ሄዳ፣ በሁለቱ ጣውላዎች መሀል ከታሰረው የወረቀት ክምር ጎን አውራ ጣቷን አቆመች። በየጠዋቱ የምታደርገው ነው። ትናንት ክምሩ ከጥፍሯ በታች ወርዶ ነበር። ዛሬ ጥፍሯን አልፏል።

"አባዬ፣ አድጓል።"

"ዝናብ አይደል የከረመው? ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል" አላት።

ስለ ሙያው ዋሽቷት አያውቅም። አመነችው።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ነው። አስተማሪዋ አባቷን አስጠርታ፣ ልጅቷ ፊደሉን ለይታ ታውቃለች፣ ንባብ ግን እንደ መራራ መድኃኒት ነው የምትሸሸው፤ በዚህ ዕረፍት መጽሐፍ ካልለመደች የሚመጣው ዓመት ይከብዳታል፣ ብላ ነገረችው። ጠራዡ አፈረ። የአካባቢው ሰው መጽሐፍ ሲገነጠልበት የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። የገዛ ልጁ ግን መጽሐፍ ከያዘች ገጹን ቀዳ ጀልባ ልትሠራበት ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ፌንጣ ያላትም እሱ ራሱ ነበር። ጎረቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውና ጣቶቹ ከቀለም ጽድት ብለው ስለማያውቁ ጥላሸት የሚሉት ሰውዬ፣ ይህን ይዞ ያሾፍበታል። አንተ ታለብሳለህ፣ እሷ ታወልቃለች፤ ሥራ እንዳትፈታ አስባልህ እኮ ነው ይለዋል።

ያን ሰሞን ሚስቱ ሆስፒታል ልትተኛ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር። ከሳጥኗ ግርጌ አንድ መጽሐፍ አወጣች። በልጅነቷ ያነበበችው፣ ድምፁ ጠፍቶበት አገር ላገር እየዞረ ስለሚፈልግ አህያ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ልባሱ የለም፣ ክሩ በስብሷል፣ ገጹ እንደ ደረቀ ቅጠል ቡኒ ሆኗል። ከተጋባን ጀምሮ ጠርዝልኝ እያልኩህ አለች፣ የጠራዥ ሚስት ሆኜ ራቁቱን ከረመ። አሁን ለኔ ሳይሆን ለሷ ጠርዝላት።

ጠራዡ መጽሐፉን አገላብጦ ሲያየው ሐሳብ መጣለት። መጽሐፍ ማለት ሲፈታ የትናንሽ ደብተሮች ክምር ነው፤ አንድ ሰፊ ወረቀት ታጥፎ ታጥፎ የሚወጣውን ትንሽ ደብተር እሱ እጥፍ ይለዋል። እጥፎቹ ጀርባቸው ላይ እርስ በርስ ሲሰፉ ነው መጽሐፍ የሚሆኑት። ሙሉ መጽሐፍ ለልጅ ግድግዳ ነው። አንዷ እጥፍ ግን ከወረቀት ጀልባ አትበልጥም። ስለዚህ አልጠረዘውም። እጥፎቹን በቅደም ተከተላቸው መጭመቂያው ውስጥ አሰራቸውና ለልጁ ጨዋታ አወጣላት። በቀን አንድ እጥፍ ታገኛለች። አንብባ የሆነውን ከነገረችው በኋላ ክሩን ራሷ በሰም ታሻለች፣ በወስፌ ራሷ ትበሳለች፣ ከትናንቱ ጋር ራሷ ትሰፋለች። ያላነበቡት አይሰፋም። ሕጉ ይኸው ነው።

ፌንጣ ለንባቡ ሳይሆን ለወስፌው ብላ ጀመረች። ቀስ እያለች ግን ያዛት። አህያው አንጥረኛ ቤት ገብቶ ድምፄን አይታችኋል ወይ ብሎ በጭራው ሲጽፍ ከሳቋ የተነሳ ከበርጩማ ወደቀች። ነገ ወዴት ይሄዳል ብላ ማሰብ የጀመረችው ያን ቀን ነው። አባቷ ደግሞ ጨዋታውን ለማጣፈጥ አንድ ነገር ጨመረበት።

"የመጨረሻዋን እጥፍ የሰፋሽ ለታ፣ እማዬን እናያታለን።"

ሲላት ልቡ ሙሉ ነበር። ሐኪሙ በትምህርት መክፈቻ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ብሎታል፤ እጥፎቹም የሚያልቁት በዚያው አካባቢ ነው። ልጅቷ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ መርጣ፣ ከአልጋዋ በላይ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ማታ ማታ አክስቷ ትደውላለች። አክስት የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ በዚያው ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለሆነች ሥራዋን ስትጨርስ ወደ እህቷ ክፍል ብቅ ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትይዝላታለች። ፌንጣ የዕለቱን እጥፍ ታነብላታለች። እናቷ መጽሐፉን በቃሏ ስለምታውቀው ልጅቷ ስትሳሳት ትክክለኛውን ቃል ቀድማ ትላታለች፤ ይስቃሉ፤ ሳቁ ሳል ሲሆን አክስት ስልኩን ትወስዳለች።

መጭመቂያው ከቁርስ በፊት ካቃሰተበት ጠዋት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነበር ሐኪሙ ጠራዡን ወደ ጥግ የወሰደው። ወደ ቤት ስለመመለስ አሁን አናውራ አለው። ጠራዡ ሚስቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ አያት። ጉንጯ ገብቷል፤ ጥርሷ ከፊቷ በልጧል። ይህን ፊት ያውቀዋል። በፌንጣ ዕድሜ እያለ፣ የዘመድ እጅ ጎትቶ ወደ አንድ ጨለማ ክፍል አስገብቶት፣ እናትህን ተሰናበታት ብሎት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱን ባሰባት ቁጥር የሚመጣለት ያ ፊት ብቻ ነው። ስታስቀው፣ ስትቆጣው፣ ፀጉሩን ስታበጥረው የነበረችው ሴት ተሰርዛ፣ ያቺ የአልጋዋ ብቻ ቀረች። ቤቱ ሲመለስ የክምሩን ማነስ አየ። በማግስቱ ልጅቷ ሳትነሳ፣ ባለቤቶቹ ረስተዋቸው በሥራ ቤቱ ጥግ አቧራ ከሚጠጡት መጻሕፍት ከአንዱ ላይ ጥቂት እጥፎች ፈትቶ ከአህያው መንገድ መሀል ከተታቸው። እሱ ሌላ መላ አያውቅም። የሚያውቀው ወረቀት ነው።

ከሰነበተ በኋላ ተራው ደረሰና ፌንጣ አንዲት ለየት ያለች እጥፍ ተቀበለች። ስለ ንብ እርባታ የሚናገር ነው። ንብ አናቢ ወደ ቀፎ ሲቀርብ ረጋ ብሎ መራመድ አለበት፣ ጓንትና መሸፈኛ ማድረግ አለበት፣ ይላል። አንብባ ጨረሰች። ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው።

"አባዬ፣ ይሄ የእማዬ ሳጥን አይሸትም።"

"ሙጫ ነክቶት ይሆናል።"

"አህያውስ?"

ጠራዡ አጎንብሶ ካርቶን መቁረጡን ቀጠለ። "አንቺ ፈልጊው እንጂ" አላት።

ፈለገችው። ጥቂት ቆይታ አገኘሁት አለች፤ መሸፈኛ የለበሰው ንብ አናቢ አህያው ራሱ ነው፤ ጆሮው እንዳይታወቅበት ነው የተሸፈነው፤ የንቦቹን ጥዝዝታ ድምፁ መስሎት ሊሰርቅ ነው የመጣው። ጠራዡ እንዲህ ስትል የመቁረጫው ብረት ከመስመሩ ወጣበት። ያን ያህል ዓመት መጽሐፍ ሲሰፋ እንዲህ ያለ ስፌት አይቶ አያውቅም።

ማታ ስልክ ተደወለ። ልጅቷ የንቡን እጥፍ ለእናቷ አነበበች፤ የራሷንም ጨምራ ተረከችላት። ከወዲያኛው ጫፍ ሳቅ አልመጣም። ብዙ ቆይቶ፣ አባትሽን ስጪኝ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጠራዡ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ።

"ንብ አልነበረበትም" አለችው ሚስቱ።

ጠራዡ በሩን ከኋላው ገጠም አደረገው።

"ሰማኸኝ? ንብ አልነበረበትም። ከአንጥረኛው ቤት ወጥቶ ወንዝ ነው የሚሻገረው።"

"አውቃለሁ።"

"መጽሐፉን አታርዝምብኝ፣ አንተ ሰው። እኔ ያን ያህል ገጽ የለኝም።"

ነገ አወጣቸዋለሁ አላት። በእናትህ አለችው። በእናቴ አለ። ሌላ መማያ ቢኖረው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ እውነትም ሊያወጣቸው ነበር። እጀታውን ይዞ ቆመ። ከዚያ፣ እስቲ አስቀድሜ አይቻት ልምጣ፣ ዛሬ ፊቷ ትንሽ ደህና ከሆነ ነገውኑ እወስዳታለሁ ብሎ፣ ልጅቷን ጥላሸት ጋ ትቶ ሆስፒታል ሄደ። ተኝታ ነበር። አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ግማሹ ነጭ ሆኖ። እጇን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካት ሰበሰበው። ሲመለስ ስለ መርከብ ጉዞ ከሚያወራ መጽሐፍ ሌላ ጥቂት እጥፎች ጨመረ።

አክስት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሳሙና ያነጣው እጇን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ሳትቀመጥ ተናገረች። ልጅቷን አልብሳት፣ ልወስዳት ነው የመጣሁት አለች። ሕፃን አያስገቡም አላት። ዘበኛውን እኔ አውቀዋለሁ፣ አንሶላ በምገፋበት ጋሪ ውስጥም ቢሆን ሸፍኜ አስገባታለሁ አለች።

"ትንሽ ይሻላት፣ እትዬ። ጥቂት ቀን ስጪኝ።"

"አይሻላትም።"

"አውቃለሁ።"

ያን ጊዜ ስለ እናቱ ፊት ነገራት፤ ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። አክስት እስኪጨርስ ታገሰችው። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ላላ እንጂ አልጠፋም።

"አንተ የምትፈራው ያየኸውን ነው" አለችው። "ልጅቷ ግን ገና አላየችም። እህቴም ያንተ እናት አይደለችም። የፌንጣ እናት ናት፤ ልጄን አምጡልኝ ነው የምትለው።"

መጋረጃው ተገለጠ። ፌንጣ የአክስቷን ድምፅ ሰምታ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ መጥታለች፤ ቁልፉ ተዘባርቋል። አባቷን አየች፣ መጭመቂያውን አየች። ጠራዡ ነገሩን ቀልድ ለማስመሰል ፈገግ ለማለት እየሞከረ ጨዋታውን ረሳሽው እንዴ፣ መጽሐፉ እኮ አላለቀም አላት።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። ሕግ የምታከብር ልጅ ናት፤ ያላነበበችውን ሰፍታ አታውቅም።

"እውነቱን ነው፣ አክስቴ" አለች። "አላለቀም። ስጨርስ እመጣለሁ በያት።"

አክስት ቁልፏን አስተካክላ ቆለፈችላትና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ፌንጣ በቀን ሁለት ስጠኝ እያለች መለመን ጀመረች። አባቷ ጨዋታው በቀን አንድ ነው ይላታል። የደረሰቻትን እጥፍ ምሳ ሳትበላ ትጨርሳለች። ከዚያ ወደ ጥላሸት ቤት ሄዳ ሰው ኮፒ ሊያስነሳ ያመጣውን ወረቀት ሁሉ ታነባለች፣ የግድግዳ ማስታወቂያ ታነባለች፣ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ታነባለች። ጥላሸት ይህችን ልጅ ምን አበላሃት፣ ነገ የኔን መዳፍ ታነበዋለች አለ። ማታ አሁንም ስልክ ይመጣል፤ እናቷ ግን አትናገርም። ፌንጣ የምታነበው ለትንፋሽ ነው። ትንፋሹ አንዳንዴ ይቆይና፣ ልጅቷም አብራ ቃሉ መሀል ላይ ትቆማለች፤ ሲመለስ ትቀጥላለች።

አንድ ከሰዓት አስተማሪዋ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዛ መጣች። ፌንጣ በርጩማዋ ላይ ሆና ስለ መርከቡ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። ቃል ሳትደነቅፍ፣ ነጥቡ ላይ እያረፈች፣ የመርከበኛውን ድምፅ እያጎረነነች። ሲያልቅ ወደ ጠራዡ ስትዞር ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ምን አድርገው ነው? እባክዎ ይንገሩኝ፣ ለሌሎች ወላጆች እነግራለሁ። በዕረፍት ልጅ ማስነበብ እኮ ሁሉንም አቅቶታል።"

ጠራዡ ስለ እጥፎቹ ነገራት፤ በቀን አንድ መሆኑን፣ ራሷ እንደምትሰፋው፣ ነገን እያሰበች እንድታድር እንደሆነ። አስተማሪዋ በጣም ወደደችው። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት ሳናስበው አለች። ፌንጣ ክሯን ሰም እየቀባች ቀና አለች።

"ሲያልቅ ደግሞ እማዬ ጋ እንሄዳለን" አለች። "ግን ወረቀቱ እያበጠ ነው።"

አስተማሪዋ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ጠራዡን አየችው። ቀጥሎ መጭመቂያውን። መዝገበ ቃላቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ መቼ ልምጣ ብላ እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች።

ያን ዕለት ማታ ስልክ አልመጣም። ፌንጣ እጥፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀች። አባቷ ኔትወርክ ይሆናል አላት።

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጠራዡ የሥራ ቤቱን መዝጊያ ሲከፍት አክስት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። መቼ እንደመጣች እንጃ። የሥራ ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ጫማዋ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ግቢ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ፊቷን ሲያይ እጁ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ንጋት ላይ" አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን በሁለቱ ክፍሎች መሀል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

ጠራዡ ዞሮ መጋረጃውን አየ።

"ማታ ነቃ ብላ ነበር። 'አህያው የት ደረሰ?' አለችኝ። ምን ልበላት? ባሕር ላይ ነው አልኳት።" አክስት አፏን በመዳፏ ያዘች። "ባሕር የለበትም እኮ አለችኝ።"

ከኋላቸው ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጢጢጥ። ቀጭኑ።

ፌንጣ በሁለት እጇ እጀታውን ይዛ መጭመቂያውን እየከፈተች ነበር። ኃይሏ ስለማይችል በየዙሩ ትንጠለጠልበታለች። ጣውላው ሲላላ ክምሩን አቅፋ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ከዚያ አንድ አንዱን እጥፍ እያነሳች ታሸት ጀመር። አንዱን አሸተተችና በስተግራ አስቀመጠችው። ሌላውን አሸተተችና በስተግራ። ሌላውን በስተግራ። ነጭ ነጩ ወረቀት በስተግራ ከፍ እያለ ሄደ። ጠራዡ አንድ እርምጃ ቀረበና ቆመ።

በስተቀኝ የቀረችው አንዲት ቡኒ እጥፍ ብቻ ነበረች።

ይህችኑ ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ጮክ ብላ አላነበበችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቷ ከመስመር መስመር ይወርዳል። አክስት ከበሩ ሳትነቃነቅ ታያታለች። ጥላሸት ሱቁን እየከፈተ ከወዲያ ሆኖ እንዴት አደራችሁ አለ። ልጅቷ ስትጨርስ ገጹን ከደነችው። ክሩን በሰም አሸች፣ በወስፌ በሳች። የሰፋችውን መጽሐፍ አምጥታ በመጀመሪያ የንቦቹንና የመርከቡን እጥፎች የያዘውን ክር በቢላዋ በጥሳ አንድ በአንድ መዘዘቻቸው፤ እነሱንም በስተግራ ከተከመሩት ላይ ጨመረቻቸው። ከዚያ የእናቷን ከእናቷ ጋር መልሳ ሰፋች። ልክ አባቷ እንዳስተማራት፣ ክሩን ወደ ራሷ ሳይሆን በጀርባው አቅጣጫ እየሳበች። ቋጠረችው። የተረፈውን ክር በጥርሷ ቆረጠችው።

መጽሐፉ ሲታይ በጣም ቀጭን ነው።

ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄደች። ስትመለስ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ቁልፉ ሁሉ በየቦታው ነው። ጫማዋን አጠለቀች። መጽሐፉን ብብቷ ሥር አደረገች።

"ፌንጣ" አላት አባቷ።

አላየችውም። አክስቷ እጇን ዘረጋችላት፤ እሱንም አልያዘችም። በሁለቱ መሀል ጎኗን አሹልካ አለፈችና፣ በእርጥቡ መንገድ ላይ ወጣች።